ዐይን ፈላጊዋ ሣጥን

ጎሕ ሳይቀድ ወጣን፣ ከራውሱ ወደብ፤
የካቲት ነው፣ ሆካይዶ፤ ብርዱ የለው ገደብ።
አሥራ አንድ ሰው ነን፣ አሥራ አንድ ሌንስ፤
ካፒቴን ናሩሴ ዓሣ ትቆርጣለች፣ ንጋት እስኪደርስ።

የኔው ገና አዲስ ነው፣ የገዛሁት ሰኞ ለት፤
የሦስት ወር ደመወዝ። ለሚስቴ ግን «ቅናሽ ነው» አልኳት።
«ዐይን ያውቃል» ብሎኛል ሻጩ፣ «የወፍ፣ የድመት፣ የሰው፤
ቢገለበጥ፣ ክንፉን ቢያጥፍ፣ አንዴ ካየው አይለቀው።
እንዲህ ያለ ፈጠራ ከዛሬ በፊት የት አለ?»
እኔም አመንኩ፤ ገንዘብ ከፍሎ የማያምን ማን አለ?

ከጎኔ ቶኩጂ ቆሟል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
ሱዋ ካለ ሌንስ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው።
የጓንቱ ጫፍ ተቆርጧል፣ ጣቱ ቀለበት እንዲዳስስ፣
ያን በእጅ የሚዞረውን፣ ቀስ እያለ፣ በቀስ በቀስ።

«አዲስ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ አዎ እንዲለኝ ሽቼ።
ሳቀ። «እኔም ብዬ ነበር፣ በወጣትነቴ ተመክቼ።
ያኔ አንዱን ምስል ለሁለት እንከፍለው ነበር፤
ግማሹ በሌንሱ ቀኝ፣ ግማሹ በግራው ሲሻገር፣
ካልተገናኙ ብዥታ፣ ከገጠሙ ጥራት።
የተጣሉ ወንድማማቾች እንደ ማስታረቅ ናት።
ያንተም ያንኑ ይሠራል። ሽምግልናው አልተቀየረ፤
ሽማግሌው ነው የፈጠነ፣ ዐይን ሳይርገበገብ መቶ ጊዜ እየመከረ።»

«ዐይን ማወቁስ?» አልኩት።
ዝም አለ። ትንፋሹ ጢሙ ላይ በረዶ ሠራ።
«እሱን እንጃ» አለ ቆይቶ።
«ከኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበር፣ ሃጊሞ የሚባል።
‹ካሜራው የሚያየውን ይወቅ› ብሎ አንድ ገጽ ጽፎ ለአለቃው ሰጠ።
አለቃው ሻይ አስቀመጠበት።
ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። ክቡ እድፍ እስካሁን አልለቀቀም።»

ከኩናሺሪ ጀርባ ፀሐይ ብቅ አለች፤
ናሩሴ ዓሣውን ወረወረች።
ወረዱ። ትከሻቸው ነጭ፣ ምንቃራቸው የዱባ ቢጫ፤
በረዶው ላይ ሽሚያ፣ ግፊያ፣ ሩጫ።
አረንጓዴዋ ሣጥን ዘላ ዐይን ላይ ተለጠፈች፤
እኔ ምንም አልሠራሁም፣ ጣቴ ብቻ ተጫነች።
ከዚያ ትልቁ፣ አውራው፣ ከብርሃኑ መሐል ወጥቶ
ወደኛ ሲመጣ፣ ጥፍሩን እንደ መንጠቆ ዘርግቶ፣
ሣጥኗ ጥላው ሄደች።

የት? ናሩሴ ቆብ ላይ።
እዚያ በክር የተጠለፈ ንስር አለ፣ የጀልባዋ ምልክት፤
ዐይኑ አንዲት ጥቁር ስፌት ናት።
ሃያ ስምንት ጊዜ አነሣኋት።
ጥርት ብላለች። ክሯ የተፈታበት እንኳ ይታያል።

ቶኩጂ አንዴ ብቻ ነበር የተኮሰው።
«አገኘኸው?» ብለው ስክሪኑን አሳየኝ፤
ጉም፣ ከጉሙ ውስጥ ነጭ ነገር፣ ጥቁር ነገር።
«ሞራ ነው» አለ፣ ዐይኑን እያሸ፤ «ግራውም ጀምሯል።
ቀለበቱን ጣቴ ያውቃል፤ ዐይኔ ከረሳው ግን ስድስት ክረምት አልፏል።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ካሜራዬን ሰጠሁት።
አንድ ንስር በረዶው ላይ ቆሞ ነበር፣ የጠገበ፣ የማይቸኩል።
ሣጥኗ ዐይኑ ላይ አረፈች፤ ቶኩጂ አጉልቶ አየው፣
ረጅም ጊዜ፣ ጀልባዋ እስክትዞር።
«ቢጫ ነው» አለ። «ዙሪያው ቢጫ ነው። ረስቼው ኖሯል።»

«እና፣ አዲስ ነው?» አልኩ እንደገና፤
ግትር ነኝ፣ ያውም ከፍዬበታለሁና።

አልመለሰልኝም። ሌንሱን ወደኔ አዞረ።
ሣጥኗ ወዲያው ዐይኔ ላይ ሳትቆም አልቀረችም፣
እሱ ግን አልተኮሰም።
ነፋሱ ጆሮዬን ቆረጠኝ፤ ስለ ሚስቴ አሰብኩ፣ ስለ «ቅናሹ»።
«እሷ አግኝታሃለች» አለ ከካሜራው ጀርባ፤
«ቆይ፣ አትነቃነቅ። እኔ ገና ነኝ።»